«መልኩ ሊለወጥ ነው አሉ!»
የኢንተርኔት ማሰሻ ገጽታ፣ ወሬውና የተጠቃሚዎች ቁጣ



በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መልክ ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ ብዙ ሰዎችም ተቆጡ። «ታዲያ ይህ ለቤተሰብ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው በውስጡ ሦስት ቁም ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው ወሬ ከየት ተነስቶ እንዴት እንደሚያድግ ነው። ሁለተኛው የሰው ልጅ የለመደውን ሲነኩበት ለምን እንደሚቆጣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጆቻችን ለትምህርት፣ እናቶቻችን ባሕር ማዶ ካለ ልጃቸው ጋር ለመገናኘት በሚጠቀሙበት መሣሪያ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ የተጠቃሚው ድምፅ ምን ያህል ይሰማል የሚለው ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ2021 ፋየርፎክስ በተባለው ማሰሻ ላይ የሆነውን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማሰሻ ምንድን ነው?

በተለምዶ «ብራውዘር» የምንለው፣ በአማርኛ «ማሰሻ» እየተባለ የሚጠራው ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት የምንገባበት በር ነው። ጋዜጣ የምናነበው፣ የፈተና ውጤት የምናየው፣ የባንክ ሒሳባችንን የምንመለከተው በእርሱ በኩል ነው። ክሮም የጉግል፣ ሳፋሪ የአፕል፣ ኤጅ የማይክሮሶፍት፣ ፋየርፎክስ ደግሞ የሞዚላ ማሰሻዎች ናቸው።

የማንኛውም ማሰሻ መስኮት ሁለት ክፍሎች አሉት። ሰፊው ክፍል የምናነበው ገጽ የሚታይበት ነው። ከላይ ያለው ጠባቡ ክፍል ደግሞ የማሰሻው የራሱ ነው። በዚያ ላይ የተከፈቱት ገጾች ስም የሚደረደርባቸው ታቦች፣ የአድራሻ መጻፊያው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስትና ሜኑው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ «ገጽታ» የምንለው ይህንን ጠባብ ክፍል ነው። ጠባብ ይሁን እንጂ እጃችን በቀን መቶ ጊዜ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ፋየርፎክስ ከሌሎቹ የሚለይበት ታሪክ አለው። መነሻው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ1998 የማሰሻውን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ባደረገ ጊዜ ነው። በ2003 የሞዚላ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። የፋየርፎክስ የመጀመሪያው ሙሉ እትም ደግሞ ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ወጣ። በዚያን ጊዜ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ከ90 ከመቶ በላይ ይዞ ነበር። በበጎ ፈቃደኞች ጭምር የተሠራው ፋየርፎክስ ያንን ግዙፍ ኩባንያ ሊገዳደር የቻለው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ከሰው ወደ ሰው ስላስፋፉት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የቆዩ ተጠቃሚዎች ፋየርፎክስን «የእኛ» ይሉታል። በኋላ የምናየው ቁጣም ያለዚህ ስሜት አይገባንም። ሰው በማያገባው ነገር ላይ ያን ያህል አይቆጣምና።

ወሬው እንዴት ተነሳ?

በ2021 መጀመሪያ ላይ፣ በጃንዋሪ ወር፣ ሞዚላ የፋየርፎክስን መልክ እንደገና እየነደፈው ነው የሚል ዜና ተሰማ። የሥራው መጠሪያ «ፕሮቶን» ነበር። ብዙም ሳይቆይ የንድፍ ሥዕሎች ታዩ። በሥዕሎቹ ላይ ታቦቹ ከበፊቱ ወፍረው፣ ከሥራቸው ካለው ክፍል ተነጥለው እንደ ተንሳፋፊ ቁልፍ ሆነው ይታያሉ። ሞዚላ ገና በይፋ ምንም ሳያውጅ ሰዎች በሁለት ተከፍለው መከራከር ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ተራ ኩባንያ አዲስ ዕቃ ሲያዘጋጅ በሩን ዘግቶ ነው። ወሬ ቢወጣም በስርቆት የወጣ ነው። የፋየርፎክስ ሥራ ግን በአደባባይ የሚካሄድ ነው። የትኛው ብልሽት እንደሚጠገን፣ የትኛው ክፍል እንደሚለወጥ የሚጻፍበት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ገብቶ ያነበዋል። ይህ ግልጽነት የሚያስመሰግን ቢሆንም የራሱ ችግር አለው፤ ለሙከራ የተሣለው ሥዕልና ተወስኖ ያለቀው ነገር ለውጭ ተመልካች አንድ መስለው ይታያሉ።

ማንኛውም ለውጥ ወደ ሕዝብ ከመድረሱ በፊት በደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያ «ናይትሊ» በሚባለው የየዕለት ሙከራ እትም ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ቤታ» ወደሚባለው ይሻገራል። በመጨረሻም ወደ ዋናው እትም ይደርሳል። በመንገድ ላይ የሚቀርም፣ የሚታረምም አለ። በመሆኑም በጃንዋሪ የታየ ሥዕል ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ወሬ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ሲሆን አይደለም። ሐሰትማ ቶሎ ይጋለጣል። የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት የሆነው ነው።

የቆየ ቁስል

የ2021ን ወሬ የሰማ ተጠቃሚ ነገሩን እንደ አዲስ አልሰማውም። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ቀምሶታል።

በማርች 2011 አራተኛው እትም ሲወጣ ታቦቹ ከአድራሻ መጻፊያው በላይ ወጡ፤ ከታች የነበረው የሁኔታ ማሳያ መስመርም ቀረ። በኤፕሪል 2014 በ29ኛው እትም «አውስትራሊስ» የተባለው ንድፍ መጣ። ታቦቹ ጫፋቸው ጎበጥ ያለ ሆነ፣ ሜኑው ወደ ሦስት መስመሮች ምልክት ተዛወረ። ብዙ ሰው ይህ ከጉግል ክሮም የተቀዳ ነው ሲል አማረረ። የቀድሞውን መልክ የሚመልስ ተጨማሪ ፕሮግራም ተሠርቶ እጅግ ብዙ ሰዎች ጫኑት።

በኖቬምበር 2017 ደግሞ 57ኛው እትም «ፎቶን» ከተባለ ንድፍ ጋር ወጣ። የጎበጡት ታቦች ተመልሰው አራት ማዕዘን ሆኑ። ነገር ግን በዚያው እትም የቀድሞው ዓይነት ተጨማሪ ፕሮግራሞች በሙሉ መሥራት አቆሙ፤ ያ መልክ የሚመልሰውም አብሮ ቀረ። ሠሪዎቹ ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ማሰሻው ፈጣንና ይበልጥ አስተማማኝ እንዲሆን የድሮው አሠራር መተው ነበረበት። ለተጠቃሚው ግን ለዓመታት የደረደረው ዕቃ በአንድ ሌሊት እንደተወሰደበት ሆኖ ተሰማው።

በኤፕሪል 2020 በ75ኛው እትም የአድራሻ መጻፊያው ሲነኩት ተነፍቶ የሚወጣ ሆነ። ያልወደዱት ሰዎች በረቀቀው የማስተካከያ ገጽ ገብተው ሊያጠፉት ይችሉ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን በ77ኛው እትም ያም ማጥፊያ ተነሳ።

እንግዲህ በ2021 «እንደገና ሊለወጥ ነው» ሲባል ቁጣው ለምን ከሥዕሎቹ በላይ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሰዎቹ የተቆጡት ባዩት ብቻ ሳይሆን ባስታወሱትም ጭምር ነበር።

ዓይንና እጅ የሚያስታውሱት

«ቀለምና ቅርጽ ቢለወጥ ምን ይጎዳል? ሰው ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይለምደዋል። ግን ልምድ ምን እንደሆነ እናስተውል።

ቁርኣን የሐፈዘ ሰው ይህንን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐፊዝ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የሙስሐፍ እትም አይለይም። 604 ገጾች፣ በየገጹ 15 መስመሮች ባሉት በመዲናው ሙስሐፍ የሐፈዘ ደረሳ፣ አንቀጹ ከቀኝ ገጽ ይሁን ከግራ፣ ከላይ ይሁን ከታች፣ በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። ሌላ አደራደር ያለው ሙስሐፍ ቢሰጡት ቃሉ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ ዓይኑ ግን ይንከራተታል። ትውስታው ከቃሉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቦታውም ጋር ተያይዟልና። ዑስታዞች ተማሪውን «ሙስሐፍህን አትቀያይር» የሚሉት ለዚሁ ነው።

በማሰሻም ላይ እንዲሁ ነው። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቀስት ስንጫን ፈልገን አይደለም፤ እጃችን ያውቀዋል። ቁልፉ ሁለት ጣት ያህል ሲዛወር እጅ የተማረውን ይረሳና እንደገና ማሰብ ይጀምራል። ለወጣት ተማሪ ይህ የሁለት ቀን ጉዳይ ነው። ለሌሎች ግን ከዚያ በላይ ነው።

በአገራችንም ሆነ በውጭ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን መካከል እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ግን ኮምፒዩተርና ስልክ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሜኑው ላይ የተጻፈውን አያነቡም። «ከላይ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው፣ ማተሚያ የሚመስለው ሥዕል» ብለው ነው የሚያውቁት። ለእነርሱ የቁልፉ ስም ቦታውና ምስሉ ነው። በፕሮቶን ንድፍ ከተደረጉት ለውጦች አንዱ በሜኑው ውስጥ ከቃላቱ ጎን የነበሩትን ትንንሽ ምስሎች ማንሳት ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ዓይን የሚያደክመውን ለመቀነስ ብለው ነው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው እውነትም ቀለል ብሏል። ማንበብ ለማይችለው ግን የሚያውቀው ነገር ተነስቶ የማያውቀው ብቻ ቀረለት። አንዲት እናት «ልጄ፣ የነበረው ጠፋኝ» ብላ ስትደውል አላዋቂነት አይደለም፤ በእርግጥም የነበረው ጠፍቷል።

«እንገምታለን» የምትለዋ ቃል

ከሁሉም በላይ እሳቱን ያራገበችው ግን አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች።

በፋየርፎክስ ውስጥ «ኮምፓክት» የተባለ፣ ከላይ ያለውን ክፍል አሳጥሮ ለሚነበበው ገጽ ተጨማሪ ቦታ የሚሰጥ ምርጫ ነበር። ትልቅ ስክሪን ያለው ሰው ላይፈልገው ይችላል። ቁመቱ አጭር የሆነ ርካሽ ላፕቶፕ ያለው ግን እያንዳንዷ መስመር ታስፈልገዋለች። በ2021 መጀመሪያ ላይ ሠሪዎቹ ይህ ምርጫ እንዲነሳ ሐሳብ አቀረቡ። በክፍቱ መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ምክንያት በአጭሩ ሲገለጽ ምርጫው ያለበት ቦታ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት እንደሆነ እንገምታለን የሚል ነበር።

ተጠቃሚዎቹን ያስቆጣቸው «እንገምታለን» የምትለው ቃል ናት። «ሳትቆጥሩ እንዴት ትወስናላችሁ? ደግሞስ ለማግኘት አስቸጋሪ ያደረጋችሁት እናንተው አይደላችሁም?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሌላም ነገር አለ። ማሰሻው ተጠቃሚው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን እየቆጠረ ለሠሪዎቹ ሪፖርት የሚልክበት ዘዴ አለው። ይህንን መዝጋት የሚፈልግ ሰው መዝጋት ይችላል። ፋየርፎክስን ከሚመርጡት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ «ማንም እንዳይከታተለኝ» ብለው ስለሆነ ሪፖርቱን ይዘጉታል። ስለዚህ ሲቆጠር እነርሱ የሉም። በጣም የሚወዱትና በጣም የሚያውቁት ሰዎች በመቁጠሪያው ላይ የማይታዩ ይሆናሉ ማለት ነው። ምሥጢራቸውን መጠበቃቸው መብታቸው ነው፤ ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የእኛ አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለም? ያልተቆጠረ ሰው በሌላ መንገድ ካልተናገረ እንደሌለ ይታሰባል።

እዚህ ላይ ግን ቁጣው ፍሬ አፍርቷል። ጁን 1 ቀን 2021 ፋየርፎክስ 89 በአዲሱ መልክ ሲወጣ ኮምፓክት ፈጽሞ አልጠፋም። አስቀድመው ሲጠቀሙበት ለነበሩት ቀጠለላቸው። ለሌሎች ደግሞ በረቀቀው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ ተደብቆ ቆየ፤ ከስሙ አጠገብ ድጋፍ የማይሰጠው መሆኑ ተጻፈበት። ሙሉ ድል አይባልም፤ ሙሉ ሽንፈትም አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ፣ በኦገስት 2021፣ አዲሱን መልክ በሙሉ ለማጥፋት ያገለግል የነበረው ማስተካከያ በ91ኛው እትም ተነሳ። ኮምፓክት ግን ተረፈ። በጥቅሉ «አንፈልግም» የተባለው ሳይሰማ፣ በምክንያት ተለይቶ የተጠየቀው መሰማቱን ልብ በሉ።

ሠሪዎቹስ ምን ይላሉ?

ፍትሕ የሚሆነው ሁለቱንም ወገን ስንሰማ ነውና የሠሪዎቹንም እንስማ።

ሞዚላ አዲሱን መልክ ሲያቀርብ ሰዎች የት የት እንደሚጫኑ መመልከቱን፣ በብዛት የሚፈለጉትን ነገሮች ወደ ፊት ማምጣቱን፣ አላስፈላጊ የሆኑ ማስጠንቀቂያዎችንና መልእክቶችን መቀነሱን፣ ዓይን የሚያሳርፍ ንጹሕ ገጽታ ለመስጠት መሞከሩን ገልጿል። ከዚህ ሌላ ልንገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። አሮጌ ምርጫዎችን በሙሉ ይዞ መጓዝ ነፃ አይደለም። እያንዳንዱ ምርጫ በአዲስ እትም ሁሉ መፈተን፣ መጠገን አለበት። ሞዚላ ደግሞ በኦገስት 2020 ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞቹን ያሰናበተ ድርጅት ነው። እጅ ሲያንስ የሚተው ነገር መኖሩ አይቀርም።

ከዚህም በላይ ነባሩ ተጠቃሚ የማያየውን አዲስ መጪ ሠሪው ማየት አለበት። ሞዚላ ራሱ ባሳተመው አኃዝ መሠረት በ2018 መጨረሻና በ2021 አጋማሽ መካከል የፋየርፎክስ ወርኃዊ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከ240 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 200 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። ቤቱ እየጎደለ ያለ ሰው «እንግዳ የሚስብ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጨነቅ አይገርምም። ችግሩ እንግዳ ለመሳብ የተለጠፈው አዲስ ቀለም ነባሩን የቤት ሰው እንዲያስወጣ የሚያደርግ ሲሆን ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚያመዝን በቀላሉ የሚነገር አይደለም።

ሁሉም ሰው አልተቆጣም። አዲሱን መልክ ወድደው «ቆንጆ ሆነ» ያሉ ነበሩ። ብዙሃኑ ደግሞ ምንም ሳይሉ ለምደውታል። የሚቆጣ ሰው ድምፁ ከፍ ስለሚል ቁጥሩም የበዛ ይመስላል፤ ዝም ያለው ደግሞ የተስማማ ይመስላል። ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል»

በዚያው ዓመት በሌላ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ጁን 7 ቀን 2021 አፕል የሳፋሪን አዲስ መልክ አስተዋወቀ። በአይፎን ላይ የአድራሻ መጻፊያው ከላይ ወርዶ ከታች ሆነ፤ በገጹ ላይም የሚንሳፈፍ ነበር። በማክ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ታቦቹና የአድራሻ መጻፊያው በአንድ መስመር ተደባለቁ። የሙከራውን እትም የያዙ ሰዎች ወዲያውኑ ተቃወሙ። የትኛው ታብ እንደተከፈተ ለማወቅ አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ይፈለጉ የነበሩ ቁልፎችም በሌላ ቁልፍ ሥር እንደተደበቁ አስረዱ።

አፕል በተጠቃሚ ጩኸት የሚመለስ ኩባንያ ነው ተብሎ አይታወቅም። ይሁን እንጂ በበጋው ወራት ሙከራው እየቀጠለ ንድፉን ደጋግሞ አሻሻለው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021 ዋናው የአይፎን እትም ሲወጣ ተጠቃሚው የአድራሻ መጻፊያውን ከታች ወይም ከላይ እንዲያደርግ ምርጫ ተሰጠው። በማክ ላይም የተለያዩት ታቦች ተመለሱ፤ ድብልቁ በምርጫ ብቻ የሚገኝ ሆነ።

የዚህ ትምህርት ግልጽ ነው። ተቃውሞው የጠቀመው ገና በሙከራ ላይ ሳለ በመነሳቱ ነው፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚሉት። ሁለተኛም ተቃዋሚዎቹ «አስቀያሚ ነው» ብለው አልቆሙም፤ የቱ ሥራ እንደተሰናከለባቸው ለይተው አሳዩ። ሦስተኛም ሠሪው አንዱን ወገን አሸናፊ አላደረገም፤ ምርጫ ሰጠ። ከታች የሚመቸው ከታች፣ ከላይ የሚመቸው ከላይ።

ከቁጣው ጀርባ ያለው ትልቁ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የታብ ቅርጽ ጎበጠ ወይስ ቀና የሚለው ክርክር ያልፋል። የማያልፈው ግን ስንት በር ይኖረናል የሚለው ነው።

ዛሬ ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና ሌሎች ብዙ ማሰሻዎች ውስጣቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የተሠሩት ጉግል በሚመራው ክሮሚየም በተባለው መሠረት ላይ ነው። ኦፔራ በ2013፣ የማይክሮሶፍቱ ኤጅ ደግሞ በጃንዋሪ 2020 የራሳቸውን ትተው ወደዚያ ገብተዋል። ሳፋሪ በአፕል ዕቃዎች ላይ የተወሰነ ነው። በማንኛውም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራና በራሱ መሠረት ላይ የቆመ ትልቅ ማሰሻ ሆኖ የቀረው ፋየርፎክስ ነው ማለት ይቻላል። እርሱም ቢሆን የገቢው አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ጉግል የፍለጋ ገጹ በማሰሻው ላይ ቀዳሚ ሆኖ እንዲቀመጥለት ከሚከፍለው ነው።

አንድ በር ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን ታሪክ አሳይቶናል። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን በ2001 አወጣ። ተፎካካሪ ስላልነበረው ሰባተኛውን ያወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2006 ነው። በእነዚያ ዓመታት መልኩን ለወጠብኝ ብሎ የተቆጣ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ምንም አልተለወጠም፤ የደኅንነት ጉድለቶቹ ግን በዝተው ብዙ ኮምፒዩተሮች በቫይረስ ተጠቅተዋል። እንግዲህ ለውጥ ያናድዳል፤ ለውጥ የማያስፈልገው ብቸኛ ባለቤት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

በዚህ ምክንያት «ተናድጃለሁና ትቼ ወደ ሌላው ሄድኩ» የሚለው ውሳኔ የግል ብቻ አይደለም። ሰው መሄድ መብቱ ነው። ነገር ግን ከሚሄድበትም ቤት ነገ መልኩ አይለወጥም የሚል ዋስትና የለውም። ክሮምም በሴፕቴምበር 2018 ታላቅ የመልክ ለውጥ አድርጓል፤ በ2023 እንደገና ለውጧል። ልዩነቱ በአንዱ ቤት ሥራው ከመጀመሪያው በአደባባይ ተነጋግረውበት መሆኑ ነው።

ለቤተሰብና ለወጣቶች

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የምንይዘው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ «ሊለወጥ ነው» የሚል ወሬ ስንሰማ ሳናጣራ አናስተላልፍ። ከየት መጣ? ሠሪው ራሱ ተናግሯል ወይስ ሥዕል ብቻ ነው? በሙከራ ላይ ነው ወይስ ወጥቷል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የለመደ ወጣት ለማሰሻ ብቻ ሳይሆን በሰፈሩና በአገሩ ለሚናፈሰው ወሬም ይጠቀምባቸዋል።

ሁለተኛ፣ በቁጣ ማሻሻያ አይዘጋ። በ2021ም ሆነ ከዚያ በፊት «አሮጌውን እትም አልለቅም» ብለው የቀሩ ነበሩ። አሮጌ እትም መልኩ ቢያምርም በሩ የተሰበረ ቤት ነው፤ የተገኙት የደኅንነት ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም። በተለይ የባንክ ሒሳብና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ይህን ማድረግ አይገባም። ቀስ ብሎ መለወጥ ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ፋየርፎክስ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም አለው። ያንን የያዙ ተቋማት የ2021ን አዲስ መልክ ያዩት በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያው ግን እስከዚያ ድረስ አልተቋረጠባቸውም። የኮምፒዩተር ክፍል የሚመሩ መምህራን ይህንን ቢያውቁ በፈተና ሰሞን ተማሪ ግራ ከመጋባት ይድናል።

ሦስተኛ፣ በቤታችን ያሉ ትልልቅ ሰዎችን እናስብ። የእናታችን ማሰሻ መልኩ በተለወጠ ቀን አጠገቧ ተቀምጠን ሩብ ሰዓት ብናሳያት ትልቅ ውለታ ነው። አይጡን ከእጇ ነጥቀን «እንዲህ ነው» ብለን መሄድ ግን ማስተማር አይደለም። አይጡ በእጇ ይሁን፤ እኛ በቃል እንምራት። እጅ የሚማረው ራሱ ሲሠራ ነው። የምትፈልጋቸውን ሦስት አራት ቁልፎች ቀድሞ የነበሩበት ቦታ መመለስ የሚቻል ከሆነም እንመልስላት። አብዛኞቹ ማሰሻዎች ቁልፎችን በተወሰነ ደረጃ እያነሱ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ።

አራተኛ፣ የምንፈልገውን በሥርዓት እንጠይቅ። ሞዚላ በ2022 ተጠቃሚዎች ሐሳብ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት መድረክ ከፍቶ ነበር። በዚያ ላይ ታቦችን በቡድን በቡድን ማድረግ እንዲቻል የቀረበው ጥያቄ ከ4 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። በኤፕሪል 2025 በ138ኛው እትም ጥያቄው ተፈጸመ። ከሁለት ወር ገደማ በፊት ደግሞ በ136ኛው እትም ታቦችን ከላይ ትቶ በጎን መደርደር የሚያስችለው ምርጫ መጥቶ ነበር። ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ግን ዘለፋ ያላመጣውን ጥያቄ አምጥቶታል።

ይህን ስንል አማርኛችንንም አንርሳ። ቀደም ሲል እንዳልነው ምስሉ ሲነሳ የሚጎዳው ቃሉን ማንበብ የማይችለው ነው። በማሰሻው ላይ ያለው ቃል እናቶቻችን በሚያነቡት ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ግን የምስሉ መነሳት ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ፋየርፎክስን ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚተረጉሙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መድረሳም ዘመናዊ ትምህርት ቤትም የገባ፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት በመካከላችን ሞልቷል። «ለምን ተለወጠ?» ብሎ ከሚቆጣበት ሰዓት ጥቂቱን ቀንሶ ሃያ ቃላት ቢተረጉም፣ ከቁጣው ይልቅ ያች ሥራው ለብዙ ቤት ትደርሳለች።

መሣሪያ ሁልጊዜ ይለወጣል። የዛሬው አዲስ መልክም ነገ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚባልለት አሮጌ ይሆናል፤ በ2017 የተጠላው ፎቶን በ2021 ሲነሳ እንደተናፈቀ አይተናልና። ለልጆቻችን ልናስተምራቸው የሚገባው ወሬውን አጣርተው እንዲቀበሉ፣ ችግራቸውን ለይተው እንዲናገሩ፣ ከኋላቸው የቀረውን ሰው እጅ ይዘው እንዲያሻግሩ ነው። ይህ የሚለወጥ እትም የለውም።